ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ ማደር፦ ሱባ ወይስ ላንጋኖ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጅ እያለን አባዬ በፎልክስዋገን ኮምቢ ላንጋኖ ይወስደን ነበር፤ እማዬ ቡና ስታፈላ እኛ ከኋላ ፍራሹ ላይ ስንራገጥ ነው ያደግነው። አሁን ሰበታ ነኝ፣ የዶልፊኔን ወንበር አውጥቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት። ለልጆቼ የመጀመሪያ አዳር የቱ ይሻላል?

መልስ 1፦ መናገሻ ሱባ ቅርብህ ነው፣ ጫካው ደግሞ ልዩ ነው። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ አይጣል ነው! ጋቢ ደርቡ።

መልስ 2፦ ላንጋኖ። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ይዋኙበታል። ወባ ስላለ አጎበር እንዳትረሳ። ከሰል ግን መኪና ውስጥ በፍጹም፣ ሳይታወቅህ ይገድላል።

ጠያቂው፦ እማዬም ውጭ ነበር የምታቀጣጥለው። እሷንም ይዤ ላንጋኖ!