የዕቅድ ውይይት፦ ያገለገሉ ሳይክሎች ለሩቅ ተመላላሽ ተማሪዎች

ሰብሳቢ (የ79 ባች)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በአፍ የተነሣውን ወደ ወረቀት እናውርደው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ለዚህ ሥራ የያዘው 90 ሺህ ብር አለ። ከዘንዘልማና ከዚያ ወዲያ ካሉት መንደሮች በእግራቸው ባሕር ዳር እየተመላለሱ የሚማሩ የ12 ልጆች ስም ደርሶናል፤ 7ቱ ሴቶች ናቸው። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ የሳይክል መንገድ ስላለው ያ ድሮ ያስፈራን የነበረው መሻገሪያ አሁን አያሳስብም። መነሻ ረቂቁ ይኸውና፦ «ማኅበሩ 12 ያገለገሉ ብስክሌቶችን ገዝቶና አስጠግኖ መስከረም ላይ ለ12 ተማሪዎች ያስረክባል።» እሑድ ማታ ለሥራ አስፈጻሚው ስለሚገባ እስከዚያ እንደልባችሁ ቆራርጡት።

ሒሳብ ያዥ (የ88 ባች)
90 ሺህ ለ12 ሲካፈል ለአንዱ 7,500 ይደርሳል። በዚህ ዋጋ ዛሬውኑ የሚሄድ ሳይክል ከተገኘ ጥገና ውስጥ ባንገባ እመርጣለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ግን ራሴው ተቃጥያለሁ። አምና ለልጄ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ደወሉ ሳይቀር አዲስ የሆነ ሰልባጅ ገዛሁለት። በሦስተኛው ሳምንት ከመሪው ሥር ተቀነጠሰ። ልጁ ክንዱ ተላጠ እንጂ ተርፏል። ቀለሙን ስንፍቀው ከሥሩ የአሮጌ ብየዳ ጠባሳ ወጣ። እንግዲህ የሚሄድና የሚያምር ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያዩ ነበር?

የ71 ባች
እግዜር አተረፈልሽ ልጄ። ቀለም የሸፈነውን ጥፍር ያገኘዋል። ሳይክሉን ገልብጠሽ በመቀመጫውና በመሪው አቁሚው። ከመሪው አንገት ተነሥቶ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ አለ አይደል? ልክ በሚጀምርበት ቦታ፣ በሆዱ በኩል ጥፍርሽን አሳልፊበት። ፊት ለፊት የተጋጨ ሳይክል እዚያ ጋ ይሸበሸባል፤ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ኩምትር ይላል። ቀጥለሽ በማንኪያ ቆርቆር እያደረግሽ ውረጂ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ቀና አድርገሽ አቁሚና ከኋላው ሆነሽ አንድ ዐይንሽን ጨፍነሽ ተመልከቺ። መሪው ቀጥ ብሎ የኋላ ጎማ የፊተኛውን ካልሸፈነው ቴላዮው፣ ማለትም የሳይክሉ አጽም፣ ጠሟል። ጠማማ ቴላዮ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድ።

የቀረው ይጠገናል። የላይ ዝገት አያስፈራችሁ፣ በላምባና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። መቀመጫው ተጣብቆ ከፍ ዝቅ አልል ያለ እንደሆነ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ ጥዋት ማታ አጠጡት፤ በሦስተኛው ቀን መቀመጫውን ራሱን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ብታወዛውዙት ይነቃነቃል። ስለዚህ የምንፈልገው ጎማው የሞተ፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ) የዛገ፣ ቴላዮው ግን ድንግል የሆነ ሳይክል ነው። እሱን ደግሞ ሱቅ አታገኙትም። ባጃጅ ከገባ ወዲህ ስንቱ ቤት ያንን የድሮ ፎኒክስ ሳይክሉን ከማድቤት ጀርባ ሰቅሎ ዶሮ ያሳድርበታል! ጎሚስታዎቹን ጠይቁ፤ ማን ድሮ ይመጣ እንደነበርና ማን እንደቀረ ያውቃሉ። በእድርም ይነገር።

የ2004 ባች
እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች ላይ ማደን እችላለሁ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሰባት ስምንት አይቻለሁ፤ ማርሽ ያላቸው፣ ፊታቸው ስፕሪንግ ያለው። አንዱን በአውቶቡስ ጭኖ ለመላክ የሚከፈለው ብዙም አይደለም። ያገኘነውን ሁሉ በርካሹ ብንሰበስብስ?

የ92 ባች (ቴክኒክና ሙያ አስተማሪ)
ያገኘነውን ሁሉ የሚለው ላይ አልስማማም፣ እንዲያውም ረቂቁ ውስጥ የጎደለው ዋና ነገር ይህ ነው። 12 ዓይነት ሳይክል ከገዛን 12 ዓይነት መለዋወጫ ልንፈልግ ነው። የጎማውን ብቻ ልንገርህ። በገበያ ቋንቋ «26» የሚባሉ ጎማዎች አንድ አይደሉም። ከጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው (የብረት ክቡ) ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። የማውንቴኑ 26 ቁጥሩ 559፣ የድሮው ቀጭኑ 26 ደግሞ 590 ነው። በ28ም እንደዚሁ ነው፦ የፎኒክሱ ዓይነት 635፣ የእሽቅድምድሙ ዓይነት 622። 13 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት በጉልበትም በሳሙናም አይገባም። ባለፈው ዓመት አንድ ሠልጣኜ ሁለት ጎማ ገዝቶ መጥቶ ሁለቱንም መለሰ፣ ሻጩ ግን አልቀበልም አለው።

ስለዚህ ሐሳቤ፦ የጎማ ቁጥራቸው አንድ የሆነ፣ ከተቻለ ሥሪታቸውም የሚቀራረብ ብቻ እንግዛ። ከ12ቱ ሁለቱን አንጠግናቸውም፤ ፈትተን ለሌሎቹ መለዋወጫ እናደርጋቸዋለን። ፔዳል፣ ፍሬን፣ የቸርኬ ሽቦ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎንና ዳዶ ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

የ71 ባች
እንግዲያው 635 ይሁን። ፎኒክስ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ማርሽ ለምኗ ነው? እኔ ቤዛዊት ኮረብታ ድረስ ያለ ማርሽ ወጥቻለሁ።

የ95 ባች (መምህርት)
ጋሼ፣ እርስዎ ቤዛዊት ሲወጡ ቀሚስ አልለበሱም። ከ12ቱ 7ቱ ሴቶች ናቸው ተብሏል፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ደግሞ ጉርድ ቀሚስ ነው። የፎኒክስ አግዳሚ ብረት፣ ከመቀመጫው ወደ መሪው የሚሄደው፣ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወገብ ይደርሳል። በየመብራቱ ዘላ ልትወርድ ነው? እኔ በ93 ያንን የወንድሜን ፎኒክስ በአግዳሚው ሥር እግሬን አሹልኬ፣ ተንጋድጄ ነበር የምነዳው። እንደዚያ ነድተን ተምረናል ማለት ልጆቹ እንደዚያ ይንዱ ማለት አይደለም። ቴላዮው ዝቅ ያለ፣ የሴት ሳይክል የምንለው ዓይነት ይካተት፤ ካልተገኘም አግዳሚው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ይሁን።

የ71 ባች
እውነትሽን ነው። ተረትቻለሁ። የ559ኙ ማውንቴን አጠር ይላል፣ አግዳሚውም ያዘቀዝቃል። ስፕሪንግ ያለውን ግን አልቀበልም፤ ርካሽ ስፕሪንግ ክብደት ከመጨመርና ከመንቋቋት በቀር ፋይዳ የለውም። ማርሹንስ ምን እናድርገው? ልጆቹ እጅ ሲገባ በሁለተኛው ወር ካቴናው በሽቦዎቹ መሀል ይሰነቀራል።

የ92 ባች
እሱ ቀላል ነው ጋሼ። የመሪው ላይ መቀየሪያና ገመዱ ይወጣል። የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ግን አንነቅለውም፣ ካቴናውን የሚወጥረው እሱ ነው። ሁለቱን መገደቢያ ቪቴዎች አጥብቀን መሀል ጥርስ ላይ እናስቆመዋለን፤ አንድ ማርሽ ሆኖ ይቀራል። ካቴና ስንመርጥም በዐይን አይደለም፦ 24 የካቴና ቀለበት በማስመሪያ ይለካ። አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.8 ከደረሰ አልቋል፣ ጥርሱንም ይዞ ይሞታል።

የ2004 ባች
እሺ፣ ስፕሪንግ የሌለው 559 ብቻ ነው የማድነው። የጎማውን ጎን ፎቶ ያልላከ ሻጭ ጋ አልደራደርም። በነገራችን ላይ ጥገናውን ላግዝ ብል አትቀበሉኝ፤ የግራ ፔዳል በተቃራኒው እንደሚፈታ ሳላውቅ ቁልፉን በቧንቧ አራዝሜ ጥርሱን ጨርሼዋለሁ።

የ85 ባች (ዴንቨር)
ከሥራ ገብቼ አሁን ነው ያነበብኩት። እዚህ ሰው የማይፈልገውን ሳይክል አጥሩ ላይ አስደግፎ «ውሰዱ» ብሎ ይለጥፍበታል። እኛ ጥቂት ሰዎች ተባብረን 40 እና 50 ሰብስበን በኮንቴይነር ብንልክስ? እነዚህ እኮ ከናንተ አዲሱ ይሻላሉ።

ሒሳብ ያዥ
እህቴ፣ ልብሽ ይባረክ። ግን የመርከቡ፣ ከጅቡቲ የመኪናው፣ የጉምሩኩ፣ የመጋዘኑ ሲደመር 90 ሺዋ የወረቀት ሥራውን እንኳ አትሸፍንም። መስከረምም አይደርስ።

የ92 ባች
ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ነው። አሁን እዚያ የሚጣለው በአብዛኛው የዘይት ፍሬን ያለው፣ ጎማው 584 ወይም 622 የሆነ ነው። ጎማው የፈነዳ ዕለት ይሰቀላል፣ ከማድቤት ጀርባ ዶሮ የሚያድርበት እሱ ይሆናል። ለበዓል ስትመጪ በሻንጣሽ የምታመጪልን ነገር ግን አለ፦ የካቴና መፍቻ፣ የቸርኬ ሽቦ መወጠሪያ ቁልፍ፣ ለጎማው እምብርት የሚሆኑ ቀጫጭን የ13 እና የ15 ቁልፎች። እነዚህን እዚህ ስንፈልግ ሁልጊዜ እንቸገራለን። የተራ ቁልፍ ውፍረት አይገባም፣ ልጆቹ በፒንሳ እየነከሱ ያበላሹታል።

የ85 ባች (ዴንቨር)
ተስማማሁ። ለነሐሴ ትኬት ቆርጫለሁ።

ሰብሳቢ
ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ሁለቱን ከፈታናቸው 10 ሳይክል ነው የሚተርፈን፤ ልጆቹ ግን 12 ናቸው። ሁለተኛ፣ የተሰረቀ እንዳንገዛ። ማኅበር ሆነን ፖሊስ ጣቢያ ብንቆም ያሳፍራል።

የ95 ባች
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ዝርዝሩን ደግሜ አየሁት፤ ሁለት ጥንድ እኅትማማቾች አሉ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ፈረቃ። የኋላ መጫኛው ጠንካራ ከሆነ በአንድ ሳይክል ይሄዳሉ። ለሁለቱ ሳይክል መጫኛው በደንብ ይበየድ። እናቶቻቸውን አነጋግሬ እስከ ቅዳሜ አሳውቃለሁ።

የ71 ባች
ለሁለተኛው ድሮ የምናደርገውን እናድርግ። ቴላዮው ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ከሚሰካበት ቋት ሥር ነው፣ ጭቃውን መጥረግ ብቻ ነው። ውል ይጻፍ፣ ቁጥሩ ይግባበት፣ የሻጩ መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ቁጥሩ በሞላ የተፋቀ ከሆነ ዋጋውን ሳትጠይቁ ሂዱ።

ሒሳብ ያዥ
እንደገና ሠራሁት። 12 መግዣ፣ አንዱ ከ4,000 ሳይበልጥ፣ 48,000። ለ10ሩ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ጎማና ገመድ፣ ካቴና ለአንዱ 3,200፣ በድምሩ 32,000። የቀረው 10,000 ለፓምፕ፣ ለግራሶ፣ ለሰንሰለት ቁልፍና ለመጫኛ ብየዳ። ቀለም አላስገባሁም፣ ሆን ብዬ ነው። ቀለም ያየሁትን አሳይቶኛል።

የ92 ባች
የእጅ ዋጋም አታስገቢ። ሠልጣኞቼ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወርክሾፕ ይሠሩታል፣ ለተግባር ፈተናቸውም ይሆናል።

ሰብሳቢ
ልጆቹ ይውሰዱት ወይስ በውሰት ይሁን? ከዚህ ቀደም ደብተርና ቦርሳ ስንሰጥ አልጠየቅንም፣ ይኼ ግን ሊሸጥ የሚችል ነገር ነው።

የ95 ባች
በውሰት፣ 12ኛ ክፍል እስኪጨርሱ። ከዚያ ለሚቀጥለው ልጅ። ወላጅ ይፈርም። ሲበላሽ ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል ጥያቄ እንዳይኖር፣ አለበለዚያ ልጆቹ ሰብረው ይደብቁታል።

ሰብሳቢ
እንግዲህ የተስተካከለው እነሆ፦

«ማኅበሩ በሐምሌና በነሐሴ የጎማ ቁጥራቸው 559 የሆነ፣ ስፕሪንግ የሌላቸው፣ አግዳሚያቸው ዝቅ ያለ 12 ያገለገሉ ብስክሌቶችን ይገዛል። የአንዱ ዋጋ ከ4,000 ብር አይበልጥም። ቴላዮው የተሰነጠቀ፣ የተበየደ ወይም የጠመመ፣ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ አይገዛም። እያንዳንዱ ግዥ የቴላዮ ቁጥር ያለበት ውል፣ የሻጭ መታወቂያ ኮፒና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኖረዋል። ሁለቱ ለመለዋወጫነት ይፈታሉ፤ 10ሩ በአንድ ማርሽ ተጠግነው፣ ሁለቱ የተጠናከረ የኋላ መጫኛ ተበጅቶላቸው፣ በመስከረም ለ12 ተማሪዎች በውሰት ይሰጣሉ።»

ተቃውሞ ካለ ዛሬ ማታ። ለፍተሻው ጋሼና የ92ቱ ወንድማችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቅዳሜ ገበያ ይጀምራሉ። ማንኪያ አይረሳ።

የ71 ባች
«የተበየደ» ከሚለው ላይ «ቴላዮው» መሆኑ ግልጽ ይሁን። የተበየደ መጫኛ ችግር የለውም።

ሒሳብ ያዥ
ይስተካከላል። እኔ ተስማምቻለሁ። ለቅዳሜ የ16,000 ቅድሚያ ክፍያ አወጣለሁ፣ ለአራት ሳይክል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ስለሚበዛ ውሉ ራሱ እንደ ደረሰኝ እንዲያገለግለኝ ዋጋው በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ።

የ85 ባች (ዴንቨር)
አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የ13 እና የ15 ቁልፎቹ ውፍረታቸው ስንት ይሁን? እዚህ ሱቁ ብዙ ዓይነት አሳየኝ።

የ92 ባች
2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት አድርጊያቸው፣ አንዱ ይዞ አንዱ የሚፈታ ስለሆነ።