የመግቢያ ካርዴ ጠዋት ይከፍታል፤ ከሰዓት በኋላ ግን በሩ እምቢ ይለኛል

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በሚገኝ አንድ ድርጅት በቅርቡ ሥራ ጀምሬአለሁ። የታችኛው በርም ሆነ እኔ የምሠራበት ሁለተኛ ፎቅ የሚከፈተው በሠራተኛ ካርድ ነው። ጠዋት ስገባ ምንም ችግር የለም። ምሳ በልቼ ስመለስ ግን ማሽኑ ድምፅ ያሰማና ቀይ መብራት ያበራል። ካርዱን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ደግሜ ባስጠጋውም ለውጥ የለውም። የነባር ሠራተኞች ካርድ በዚያው በር ይሠራል። አለቃዬ «አያያዝሽ ነው ያበላሸው» ይላሉ፤ ምትክ ከተሠራም ዋጋው ከደመወዜ ይቆረጣል ተብያለሁ። እስከዚያው አንዲት ባልደረባዬ የእሷን ካርድ እያዋሰችኝ ነው። ካርዱ በእርግጥ ተበላሽቶ ይሆን? የአንገት ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳም የለውም፤ ብበሳውስ ምን ይሆናል?

ማራኪ ሰፈር፦
እኅቴ፣ ላሚኔት አስደርጊው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ በፕላስቲክ ሲያሽጉልሽ አቧራም ውኃም አይነካውም። የእኔ የቀበሌ መታወቂያ እንደዚያ ሆኖ ዓመታት ቆይቷል። ከስልክሽም አርቂው፤ ማግኔት ያጠፋዋል።

ቀጭን ሽቦ፦
ላሚኔት የሚለውን ምክር እባክሽ አትስሚ! የቀበሌ መታወቂያ ወረቀት ነው። ይህ ግን በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል ትንሽ ቺፕና እንደ ጥቅል የተዞረ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የያዘ ዕቃ ነው። ማሸጊያው ማሽን የሚሠራው ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሆነ ቺፑን ሊያቃጥለው፣ ሽቦውንም ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ውፍረቱም ስለሚጨምር ማስገቢያ ባለው ማሽን አልገባም ይላል።

መብሳትም እንዲሁ ነው። ሽቦው በብዙ ካርዶች ላይ የሚዞረው በጠርዙ ዙሪያ ነው፤ የወረቀት መብሻው አንዷን ዙር ከቆረጣት ካርዱ ያኔውኑ ያልቅለታል። ፋብሪካው መብሻ ቦታ ብሎ ምልክት ካላደረገበት ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ግዢና ገመዱን በማቀፊያው ላይ እሰሪ። ማቀፊያው የብረት አይሁን፤ ብረት የማሽኑን ሞገድ ይጋርዳል።

ማግኔትን በተመለከተ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ላለው የድሮ ዓይነት ካርድ እውነት ነው። በማስጠጋት ብቻ የሚከፍተውን ግን የስልክ ማግኔት አይጎዳውም። ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከማሽኑ ሞገድ ነው። ለዚህ ነው ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል መጠጋት ያለበት፤ በሩ ላይ መምታት ወይም ማሻሸት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካርዱ የተበላሸ አይመስለኝም። የተበላሸ ካርድ ሲጠጋ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ምንም እንዳልቀረበለት ሁሉ። ያንቺ ግን ድምፅ ያሰማል፣ ቀይም ያበራል። ይህ ማለት ቁጥርሽን በደንብ አንብቦ «አውቄሻለሁ፣ ነገር ግን አልፈቅድም» እያለ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ካርዱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ እምቢ ማለት የሚጀምረው በስንት ሰዓት ነው? አብረውሽ የተቀጠሩ ሌሎች ሰዎችስ ይሠራላቸዋል?

የመተማ መንገድ፦
እኔ ሾፌር ነኝ። ባጄን መኪናው መስታወት ሥር አስቀምጬ መተማ ደርሼ ስመለስ እንደ ጀልባ ጎብጦ ጠበቀኝ። ያ ማሽን ግን ጭጭ ነው ያለው፣ ቀይም አላበራም። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ያለው ትክክል ይመስለኛል።

ቀጭን ሽቦ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ብዙዎቹ ካርዶች ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራሉ። ቆላ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ደግሞ መስታወቱ ሥር እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። የጎበጠውን በእጅ ለማቃናት አትሞክር፤ የተረፈውንም ሽቦ ትበጥሰዋለህ።

የሰው ሀብት ክፍል፦
ስለ መዋዋሱ አንድ ነገር ልበል፣ ቅር አትሰኚ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የባለካርዷ ስም እንጂ ያንቺ አይደለም። ዕቃ ቢጠፋ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አንቺ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እንዳልነበርሽ ይቆጠራል። እሳት ቢነሣም ማን ውስጥ እንደቀረ የሚታየው ከዚያው መዝገብ ነው። ካርዱ እስኪስተካከል በእንግዳ መዝገብ እየፈረምሽ ግቢ፤ ጥበቃዎቹ ቢያጉረመርሙም ይሻልሻል።

ጠፍቶ ቢሆን ኖሮም ምክሩ ይኸው ነው፦ እስኪገኝ አትጠብቂ፣ ወዲያውኑ አሳውቂ። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ መዝጋት የደቂቃ ሥራ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተበደርኩትን ካርድ መልሻለሁ። ቀጭን ሽቦ ለጠየቅከኝ፦ ዛሬ ሆን ብዬ ረፋዱ ላይ እየወጣሁ ሞከርኩ። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ይከፍታል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ቀይ ነው። ከእኔ ጋር የተቀጠረው ልጅም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሰው ተከትሎ ስለሆነ አላስተዋለውም።

ቀጭን ሽቦ፦
ተገኘ ማለት ነው። የሥራ ሰዓታችሁ ከ2 እስከ 11 ነው አይደል? አዲስ ሠራተኞችን የመዘገበው ሰው «2፡00 እስከ 11፡00» ብሎ እንዳለ አስገብቶታል። ሶፍትዌሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሱ 2፡00 የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ የእሱ 11፡00 ደግሞ የእኛ ረፋድ 5 ሰዓት። በሌሊት ብትሄጂ ይከፍትልሽ ነበር! መግባት ያለበት 8፡00 እስከ 17፡00 ነው። ነባሮቹ ቀኑን ሙሉ በሚፈቅድ ምድብ ውስጥ ስለሚሆኑ አይነካቸውም።

ሁሉም ሠራተኛ ቢከለከል ኖሮ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመቆጣጠሪያው ሰዓት ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ነው።

የሰው ሀብት ክፍል፦
ቀኑንም አብረሽ አስመርምሪ። የኮንትራት ሠራተኞች ካርድ የሚያበቃበትን ሰኔ 30 ቀን 2018ን «30/10/2018» ብለው ሲያስገቡ አይቻለሁ። ለሶፍትዌሩ ያ በፈረንጅ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ነው፤ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ካርዱ ገና ሲሰጥ የሞተ ይሆናል። ትክክለኛው ጁላይ 7 ቀን 2026 ነው። በጀት ዓመት ሲያልቅ ሐምሌ 1 ጠዋት በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ማየት ነው!

ማራኪ ሰፈር፦
እሺ፣ ላሚኔቱን ተውኩት። ግን ካርዱ ሲቆሽሽ በምን ይጽዳ? እኛ ቤት ሁሉም ነገር በበረኪና ነው።

ቀጭን ሽቦ፦
በረኪና ጽሑፉንና ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ትንሽ ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ አብሶ ማድረቅ ይበቃል። የኋላ ኪስ ውስጥ አድርገህ አትቀመጥበት፤ ከጉብታው ይልቅ ዕለት ዕለት መታጠፉ ነው ሽቦውን የሚገድለው። ከሌላ የማስጠጊያ ካርድ ጋር አንድ ላይ ከተደራረበም ማሽኑ የቱን እንደሚያነብ ይቸገራል፤ ቦርሳውን ሙሉ ከማስጠጋት ካርዱን ለብቻው ማውጣት ነው።

የመተማ መንገድ፦
ስልኬ ካርድ ያነባል ይላሉ። የጎበጠውን በእሱ ልሞክረው?

ቀጭን ሽቦ፦
ሞክረው። የስልኩ ማንበቢያ የሚያውቀው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ብቻ ነው። ስልኩ ካወቀው ቺፑ በሕይወት አለ። ዝም ካለ ግን ሞቷል ማለት አይደለም፤ በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ስልክ አያየውም።

አዲስ ገቢ፦
የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ከፍቶ አሳየኝ፤ እንዳልከው 2፡00 እስከ 11፡00 ነበር። አስተካከለው፣ ከምሳ በኋላም በሩ አረንጓዴ አበራልኝ። አለቃዬም ስለ ደመወዙ ዳግም አላነሡትም። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ተኩል እንሠራለን፤ ጥምቀት ላይ ደግሞ ተረኛ ነኝ።

ቀጭን ሽቦ፦
ቅዳሜ ለብቻው ይገባል፦ ማብቂያው 12፡30 ነው። የበዓላቱን ዝርዝርም ጠይቂ፤ በዓል ተብሎ በተመዘገበ ቀን ተረኛ በሚል ምድብ ካልገባሽ በሩ አይከፍትልሽም። ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብለው ለዘላለም እንዳይተዉትም ንገሪያቸው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም ይሆናል።