የመድኃኒት ፌስታል ቀን፦ የእድሩ ዕቅድ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ አባል ቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ዳማከሴውም፣ ልጅ ከአሜሪካ የላከው ቫይታሚንም ሳይቀር። ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ ታያለች። ቦታ፦ በእድሩ ድንኳን። ወጪ፦ ሻይና ዳቦ። አስተያየት እስከ እሑድ።

ንብረት ክፍል፦ ድንኳኑ አይወጣም።

ጸሐፊ፦ ለምን?

ንብረት ክፍል፦ ሰው ሳይሞት ድንኳን ይተከላል እንዴ? ያውም ሽማግሌ ሰብስቦ! ሟርት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሰርግ ስታከራየው ሟርት አልነበረም።

ንብረት ክፍል፦ በቦርድ ውሳኔ ነው የተከራየው። ቃለ ጉባኤውን አንብብ።

የቀጠና 2 ተወካይ፦ እኔን ድንኳኑ አያሳስበኝም። እናቴ ኪኒኗን ይቀሙኛል ብላ ፈርታለች።

የፋርማሲስቷ እናት፦ ማን ይቀማታል? ልጄ ዝርዝሩን ጽፋ ወደ ሐኪማቸው ነው የምትልከው። በገዛ እጅ ማቋረጥም አደጋ አለው።

ወጣት አባል፦ አባቴ ለግፊቱ ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን ይወስዳል። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ከሱቅ እንደ ከረሜላ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ ብላ ወደ ሐኪሙ የመለሰችው ፋርማሲስቷ ናት። ሐኪሙ ዲክሎፌናኩን አያውቅም ነበር።

እትዬ ከላይ ሰፈር፦ የኛ ሰውዬ ጠዋት የስኳሩን ግሊቤንክላማይድ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ስኳራቸው ወርዶ ላብ በላብ ሆነው ነው ያገኘናቸው። እናንተ ስለ ሸራ ተጨቃጨቁ!

ንብረት ክፍል፦ ሸራ አትበዪው። 20 ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጠብቀኸው ነው አይጥ የበላው?

ዳኛ፦ በቃ! ሁለታችሁም ተከባበሩ።

ንብረት ክፍል፦ እሺ። እኔም እኮ ግፊት አለብኝ። ሌላ ድንኳን ይገዛ ነው የምለው።

የቀጠና 2 ተወካይ፦ ይኼስ ያስማማል። ወንበርም ተሰባብሯል።

ጸሐፊ፦ የሽማግሌዎቹን ስም እመዘግባለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልኩም አይነሳም።

ዳኛ፦ ጸሐፊ፣ ረቂቁን አስተካክል።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለ። አንደኛ፣ ሁለገብ ድንኳንና ወንበር ግዢ፣ በነፍስ ወከፍ መዋጮ። ሦስት ሰው መርካቶ ሄዶ ዋጋ ያጠናል። ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱ ቀን ድንኳኑ ሲገዛ ይወሰናል።

የፋርማሲስቷ እናት፦ የልጄ ዕረፍት በዚህ ወር ያልቃል።

ወጣት አባል፦ የኛ ግቢ ባዶ ነው። ምን ድንኳን ያስፈልጋል?

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮው ስንት ይሁን? መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።