ኮንትራስቱ ከ300 ወደ 350 ተቀየረ፤ ለአደጋ ታካሚ ስንት ሚሊ ልስጥ?

ጥያቄ፦ ሲቲ ቴክኖሎጂስት፣ ባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ባጃጅ የተገለበጠባት ወጣት ከሐሙሲት በኩል አመጡልን። 50 ኪሎ ቢሆናት ነው። ደረትና ሆዷ በኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ፣ አዮዲን ያለበት ምስል አጉሊ ፈሳሽ) በሲቲ እንዲነሳ ታዘዘ። እስካሁን ለአዋቂ 100 ሚሊ ነበር የምንሰጠው፣ ያ ግን ጥንካሬው 300 የሆነው ነው። አሁን የመጣልን 350 ነው። እኔም ያንኑ 100 ሚሊ ሰጠኋት። ኢንጀክተሩ (ኮንትራስቱን የሚገፋው ማሽን) ስለተበላሸ በእጄ ነው የገፋሁት። በ60 ሰከንድ ሳነሳ ጣፊያዋ ዝንጉርጉር ሆኖ ታየ። ተሰነጠቀ ብለን ደነገጥን። ትንሽ ቆይተን ስንደግም ደህና ነው። የክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤት ሳይደርስ መስጠቴም አሳስቦኛል። አበዛሁባት እንዴ?

መልስ፦ ሬዲዮሎጂስት
እህቴ፣ ሚሊውን ሳይሆን አዮዲኑን ቁጠሪ። ጠርሙሱ ላይ ያለው 350 ማለት በአንድ ሚሊ ውስጥ 350 ሚሊ ግራም አዮዲን አለ ማለት ነው። ለሆድ በኪሎ 500 ሚሊ ግራም ገደማ እንይዛለን። ለ50 ኪሎ 25 ግራም ይመጣል። በ300ው 83 ሚሊ፣ በ350ው ደግሞ 70 ሚሊ አካባቢ ነው። አንቺ የሰጠሻት 35 ግራም ነው። አዎ፣ በዝቷል። ግን ኩላሊቷ ጤነኛ ከሆነ በዚህ መጠን ይጎዳል ብዬ አልሰጋም። ፈሳሽ እንዳይጓደልባት፣ ክሬቲኒኗም በ48 ሰዓት ይታይ። ውጤቱን አለመጠበቅሽ ልክ ነው። ውስጧ እየደማ ሊሆን የሚችል ሰው ላብራቶሪ አይጠብቅም። ጭንቅላቷንስ? እሱ ምንጊዜም ከኮንትራስቱ በፊት ይነሳ።

መልስ፦ ሲቲ ቴክኖሎጂስት፣ ጎንደር
የጣፊያው ነገር እኔንም አንድ ጊዜ አስለቅሶኛል። ኮንትራስቱ ገና በደም ቅዳ ሳለ ካነሳሽው ጤነኛ ጣፊያም ይዥጎረጎራል። ኢንጀክተር በሰከንድ 3 ሚሊ ሲገፋ 70 ሚሊ በ23 ሰከንድ ያልቃል። በእጅ ግን 1.5 ሚሊ ከገፋሽ 47 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ መግፋት ከተጀመረ በ70 ሰከንድ ይነሳ የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። እኔ መግፋት ከጀመርኩ 90 ሰከንድ ያህል እጠብቃለሁ። ደሟ የፈሰሰና ግፊቷ የወረደ ከሆነ ደግሞ ልብ ቀስ ብሎ ነው የሚያደርሰው፣ ጨምሪበት። 350ው ወፍራም ስለሆነ 37 ዲግሪ ድረስ ይሙቅ፣ ሲገፋ ይቀልልሻል።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ
ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቱቦ) እኛ ጋ አስተካክለን እንላክልሽ። ወፈር ያለው አረንጓዴው ወይም ሮዙ፣ ክርን ላይ፣ ከተቻለ በቀኝ እጅ። የእጅ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭኑ ሰማያዊ ለዚህ አይሆንም። መጀመሪያ 10 ሚሊ ሳላይን ገፍተሽ እዪ። ቆዳው ካበጠ አቁሚ።

ጠያቂዋ
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭንቅላቷን ቀድሜ ነው ያነሳሁት። 20 ኪሎ ልጅ ቢመጣብኝስ?

ሬዲዮሎጂስት
ለልጅ በ300ው በኪሎ 2 ሚሊ ነው፤ ስለዚህ 40 ሚሊ። በ350ው 34 ሚሊ። ኪሎውን ግን በግምት አትውሰጂ፣ እናቱን ጠይቂ ወይም መዝኚው።