እናቴ ለዊንተር ወደ ሚኒሶታ ትመጣለች፤ ከልጆቹ ጋር የት የት እንውሰዳት?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒያፖሊስ

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ሚኒሶታ ከመጣን ይህ ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ባለፈው ዓመት ብርዱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ማርች ድረስ ከሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሳንሄድ በመስኮት በረዶውን ስናይ ከረምን። ልጆቼ የሰባትና የአሥር ዓመት ናቸው። ጓደኞቻቸው ስለ በረዶ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ውሾች ውድድርና ሐይቅ ላይ ስለሚደረግ ጨዋታ ሲያወሩ ሰምተው ይመጡና «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይሉኛል፤ የምመልስላቸው የለኝም።

ዘንድሮ ደግሞ እናቴ በዲሴምበር መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ የምትመለሰው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው በመሆኗ ብርድ አይበግራትም፤ ነገር ግን ዕድሜዋ 68 ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾምም አታፈርስም። በአገራችን እነዚህ ወራት በጋ ናቸው፤ ፀሐይ የለመደች እናቴን ሦስት ወር ቤት ዘግቼባት እንዳልመልሳት እሰጋለሁ። ልጆቹም እርሷም አብረው የሚደሰቱባቸው፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ የዊንተር በዓላትና ዝግጅቶች የት የት እንዳሉ የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ የሴንት ፖል ነዋሪ

እኅቴ፣ ልጆችዎ የሰሙት የበረዶ ቤተ መንግሥት የሴንት ፖል የዊንተር ካርኒቫል ነው፤ ከሁሉ አስቀድመው ሊያዩት የሚገባም እርሱ ነው እላለሁ። በዚህች ከተማ 18 ዓመት ስኖር ያመለጠኝ ሁለቴ ብቻ ነው። ካርኒቫሉ ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ የመጨረሻ ሳምንት ተጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይቆያል።

አጀማመሩን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ሴንት ፖልን «ሌላዋ ሳይቤሪያ» ብሎ በዊንተር ሰው ሊኖርባት እንደማይችል ጻፈ። የከተማዋ ነጋዴዎች በጽሑፉ ተቆጡ፤ መልሳቸው ግን ሌላ ጽሑፍ ሳይሆን በ1886 የተደረገው የመጀመሪያው ካርኒቫል ነበር፤ በብርዱ መሐል ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጡት። በዚያው ጊዜ የካናዳዋ ሞንትሪያል የራሷን የዊንተር በዓል በፈንጣጣ ወረርሽኝ ምክንያት አቋርጣ ስለነበር፣ የበረዶ ቤተ መንግሥት መሥራት የሚችሉት ባለሙያዎች ወደ ሴንት ፖል መጥተው የመጀመሪያውን የበረዶ ቤተ መንግሥት አቆሙ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ለልጆቹ ቢያስረዱ ጥሩ ነው፤ ትልቁ ቤተ መንግሥት በየዓመቱ አይሠራም። ወጪው ከባድ ስለሆነ በመካከሉ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለምሳሌ ከ1992 በኋላ የመጣው የ2004ቱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሱፐር ቦውል የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ሚኒያፖሊስ በተደረገበት በ2018 እዚህ ሴንት ፖል ራይስ ፓርክ በተባለው መናፈሻ ውስጥ ቆሟል። በየዓመቱ የማይቀረው የበረዶ ቅርጻ ቅርጽ ውድድር ነው። ቀራጮቹ በመጋዝና በመሮ ሲሠሩ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ልጆቼ ካለቀለት ቅርጽ ይልቅ ፍርፋሪው ሲበተን ማየት ይመርጣሉ።

በዓሉ የራሱ አፈ ታሪክም አለው። የነፋሳት ንጉሥ ቦሪያስ ከተማዋን የዊንተር መዲና አድርጎ ይነግሥባታል፤ በመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ግን ቀይ የለበሱት የእሳት ንጉሥ የቩልካነስ ተከታዮች በችቦ ሰልፍ መጥተው ከዙፋኑ ያወርዱታል፤ ብርዱ መሸነፉ ነው። ደመራ እያየ ላደገ ሰው ሌሊት በችቦ የሚደረግ ሰልፍ እንግዳ አይሆንበትም፤ እናትዎ ከሁሉ ይህንን የሚወዱት ይመስለኛል።

የሜዳሊያ ፍለጋውም አለ። ፓዮኒየር ፕሬስ የተባለው የከተማዋ ጋዜጣ ከ1952 ጀምሮ አንድ ትንሽ ሜዳሊያ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ደብቆ በየቀኑ በግጥም መልክ ፍንጭ ያትማል። ሰው አካፋ ይዞ በእኩለ ሌሊት በረዶ ሲቆፍር ቢያዩ አይደንግጡ። የእኛ ቤት ልጆች እንግሊዝኛ ማንበብን የወደዱት በዚያ ፍንጭ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለጉልበታቸው የሚበጀው ደግሞ ይህ ነው። ከራይስ ፓርክ ፊት ለፊት በ1902 የተጠናቀቀው የቀድሞው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የዛሬው ላንድማርክ ሴንተር አለ፤ በሌላው ወገን የከተማዋ ዋና ቤተ መጻሕፍት አለ። ክፍት በሆኑበት ሰዓት ከሄዱ ሃያ ደቂቃ ውጭ፣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ እያሉ ግማሽ ቀን ያለ ድካም መዋል ይችላሉ። የመኪና ማቆሚያ ከሚፈልጉ ደግሞ ከሚኒያፖሊስ በግሪን ላይን ባቡር ቢመጡ ይሻላል።

መልስ 2፦ ነርስ፣ ብሩክሊን ፓርክ

ወንድማችን በጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ እናትዎ ነው። ብዙ ሰው ወላጆቹን ከአገር ቤት አምጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ከባዱ ብርድ ላይ ያወጣቸዋል፤ እነርሱም ደንግጠው እስኪመለሱ ድረስ ከቤት አይወጡም። በሞቀው ቢጀምሩ ይሻላል። ሴንት ፖል ያለው የኮሞ የመስታወት አትክልት ቤት ከ1915 ጀምሮ ክፍት ነው፤ መግቢያው በፈቃደኝነት በሚሰጥ መዋጮ ነው። ውጭው ነጭ ሆኖ ሳለ በውስጡ እርጥብ አፈር ይሸታል፤ ዝቅ ባለው የአትክልት አዳራሽም በየዊንተሩ አበባ ይተከላል። የእኔ እናት በመጣችበት ዓመት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አውልቃ «አሁን አገሬ ገባሁ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ውሰጅኝ ትል ነበር።

ለሁለተኛው ጉዞ የዋባሻን ከተማ አስባለሁ። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በዚያ በኩል የሚሲሲፒ ወንዝ ውኃ ፈጣን ስለሆነ በዊንተርም አይዘጋም፤ ሌላው ውኃ በረዶ ሲሆን ራሰ ነጭ ንስሮች ዓሣ ፍለጋ ወደዚያ ይሰበሰባሉ። የብሔራዊ ንስር ማዕከሉ በወንዙ ዳር ስለተሠራ፣ እናትዎ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠው በትልልቁ መስኮት ሊያዩአቸው ይችላሉ።

አለባበሱን በሚመለከት፣ ጋቢ ከካፖርት በላይ ሲደረብ መልካም ነው፤ ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ግን ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛልና። ሱፍ ወይም ለብርድ ተብሎ የተሠራውን የውስጥ ልብስ ይግዙላቸው። የአየር ትንበያ ስታዩ ከሙቀቱ ይልቅ የነፋሱን ቅዝቃዜ ተመልከቱ፤ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ቀን የትኛውም በዓል ቢሆን ይቅር።

መልስ 3፦ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዱሉዝ

ሁላችሁም ስለ መንትዮቹ ከተሞች፣ ስለ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ጻፋችሁ፤ የሰሜኑን ልጨምር። ከሚኒያፖሊስ ዱሉዝ 150 ማይል ያህል ነው፤ መንገዱ በተጠረገ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። እዚህ በሐይቁ ዳር በኖቬምበርና በዲሴምበር ቤንትሊቪል የሚባለው የመብራት ዝግጅት አለ። አንድ ሰው በግቢው የጀመረው ነገር እየሰፋ ሄዶ በ2009 ወደ ከተማው መናፈሻ የተዛወረ ነው። በእግር ነው የሚታየው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ለልጆች ብስኩትና ትኩስ ቸኮሌት በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን እናትዎ ጾመኛ ናቸው ብለዋል፤ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ ለእርሳቸው ሻይ በፔርሙዝና የጾም ዳቦ ይዘው ይምጡ።

ሁለተኛው በጃንዋሪ መጨረሻ የሚደረገው የጆን ቤርግሪስ የውሾች ውድድር ነው። ጆን ቤርግሪስ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአኒሺናቤ ተወላጅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሱፒሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በቂ መንገድ ባልነበረበት ዘመን፣ በብርዱ ወራት ከቱ ሃርበርስ እስከ ግራንድ ማሬ ፖስታ የሚያደርሰው ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ነበር። ሰዎቹ ደብዳቤያቸውን የሚጠብቁት የውሾቹን ቃጭል እየሰሙ ነው ይባላል። እኔም ሥራዬ በዚያው መንገድ ዕቃ ማድረስ ስለሆነ ይህን ሰው በተለየ ሁኔታ አከብረዋለሁ። ትልቁ ውድድር 300 ማይል ያህል ሲሆን ቀንና ሌሊት ይሄዳል። ለልጆች የሚጥመው መነሻው ነው፤ ውሾቹ ለመሮጥ ከመቸኮላቸው የተነሣ እየዘለሉ ይጮኻሉ፣ እግራቸው ላይ ትንንሽ ጫማ ይደረግላቸዋል። ጉዳቱ መነሻው ላይ ብዙ መቆም መኖሩ ነው፤ ለእናትዎ ታጣፊ ወንበርና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

መልስ 4፦ ዓሣ አጥማጅ፣ ብሉሚንግተን

በሐይቅ ላይ ስለሚደረጉት ማንም አልጻፈም፤ እነዚህ ደግሞ ከእርስዎ ቤት የቀረቡ ናቸው። በሃሪየት ሐይቅ ላይ አርቲስቶች ትንንሽ ጎጆዎችን ሠርተው የሚያቆሙበት የአርት ሻንቲ ዝግጅት አለ፤ ልጆች ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው እየገቡ ይጫወታሉ። በፌብሩዋሪ በሌክ ኦፍ ዘ አይልስ ዙሪያ ከበረዶ በተሠሩ መቅረዞች ውስጥ ሻማ በርቶ ሰው በማታ የሚጓዝበት ሉሚነሪ ሎፔት ይደረጋል፤ ይህኛው ቲኬት አለው፤ በስኪ መንሸራተት ለማያውቅም በእግር መሄድ ይቻላል። በኖኮሚስ ሐይቅ ደግሞ የሐይቅ ላይ ሆኪ ውድድር ሲደረግ ኖሯል። እናትዎን ይህን ያሳዩአቸው፤ ቆልማማ ዱላ፣ ሩጫ፣ ግፊያ፤ ከሩሩ በቀር የገና ጨዋታ ነው። እኔ አባቴን ይዤ ሄጄ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲያጨበጭብ ነበር የዋለው።

ነገር ግን በረዶው ጠንካራ ካልሆነ እነዚህ ሁሉ ይሰረዛሉ ወይም ወደ ዳር ይወጣሉ። በ2024 ዊንተሩ ከልክ በላይ ሞቃት ስለነበር የአርት ሻንቲው ቶሎ ተዘጋ፣ የቤርግሪስ ውድድርም በበረዶ እጦት ሳይደረግ ቀረ። ስለዚህ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት በዚያው ጠዋት የአዘጋጆቹን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ዝግጅት በሌለበት ቀን ልጆቹ ሐይቅ ላይ ልውጣ ቢሏችሁ ደግሞ ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል፤ ነጣ ያለው ከዚያ በእጥፍ መወፈር አለበት። በድልድይ ሥርና ውኃ በሚገባበት በኩል ውፍረቱን ያልለካ ሰው አይቁም። እኔ ሁልጊዜ በስቼ እለካለሁ፤ ያለዚያ ልጆቼን አላወጣም።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያላችሁትን ለልጆቼ ሳነብላቸው ትልቁ አካፋ ግዢልኝ አለኝ። እስካሁን የወሰንኩት ይህ ነው፤ እናቴ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ኮሞ፣ የገና ዕረፍት ሳያልቅ ዋባሻ፣ ከዚያ ካርኒቫሉ። የሚያሳስበኝ ጥምቀት ነው፤ ከካርኒቫሉ ጋር ከተጋጨ እናቴ ቤተ ክርስቲያንን ትታ ሌላ ቦታ አትሄድም፤ እኔም አልጠይቃትም።

መልስ 5፦ የሴንት ፖል ነዋሪ

አይጋጭም። ጥር 11 እዚህ ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 20 ላይ ይውላል፤ ካርኒቫሉ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በከተራና በጥምቀት ከቤተ ክርስቲያን አይጥፉ፤ በሳምንቱ ወይም በአሥረኛው ቀን ወደ ራይስ ፓርክ ይምጡ። የችቦ ሰልፉ ቅዳሜ ማታ ስለሆነ ቀደም ብለው ደርሰው በላንድማርክ ሴንተር በኩል ቦታ ይያዙ፤ እናትዎ ከነፋሱ ይከለላሉ። ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥንድ ጓንት ይያዙላቸው፤ የመጀመሪያው በሩብ ሰዓት ውስጥ ይረጥባል።