ከድሬዳዋ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ ስንት ነው? ሰዓቱስ ለምን ይለያያል?

የጀጎል ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በመጪው ሐምሌ ዋሽንግተን የሚኖረውን ወንድሜን ልትጠይቅ ከድሬዳዋ በአዲስ አበባ በኩል ትበራለች። ቲኬቱ ላይ ከቦሌ 22:30 ተነሥታ በማግሥቱ 8:00 እንደምትደርስ፣ ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነሥታ በማግሥቱ 7:00 ቦሌ እንደምትገባ ተጽፏል። ታዲያ መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው? ርቀቱስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? ጉልበቷን ስለሚያማት ተቀምጣ የምትቆይበትን ጊዜ አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከዚራ
ቲኬት ላይ የመነሻውም የመድረሻውም ሰዓት የሚጻፈው በየአገሩ አቆጣጠር ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስለዚህ በመሄጃው ላይ 7 ሲደምሩ 16 ሰዓት ተኩል፣ ከመመለሻው ላይ 7 ሲቀንሱ 13 ሰዓት ያገኛሉ። በነገራችን ላይ፣ መመለሻው ላይ ያለው 7:00 ጠዋት 1 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም፤ ቦሌ የሚቀበላቸው ሰው ይህን ካልተነገረው ስድስት ሰዓት ያስጠብቃቸዋል።

ሳቢያን
ርቀቱ ከድሬዳዋ ቦሌ 340፣ ከቦሌ ዋሽንግተን ደግሞ 11,560፣ በድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በሉል ላይ የሚለካው አጭሩ መንገድ ሲሆን፣ ካርታ ላይ በማስመሪያ እንደሚሰመረው በቀጥታ ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ታጥፎ በሜዲትራኒያንና በደቡብ አውሮፓ በኩል ያልፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን አውሮፕላኖች የዚያችን አገር ሰማይ ስለሚሸሹ የሚበሩት ከዚህ ይረዝማል።

የቀረውን የሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት ብዙ ሰው የሚያሳብበው በነፋስ ነው። እርግጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ወደዚያ የሚሄደውን ያዘገያል፣ ወደዚህ የሚመጣውን ይገፋል፤ ይሁንና በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም በስስ አየር ኃይላቸው ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። በመሆኑም መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል። ዋሽንግተን ግን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ቀድቶ ሳያርፍ ይመጣል። ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪው በአብዛኛው ስለማይወርድ፣ ለእናትዎ በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ቢይዙላቸው እንደልባቸው ይነሣሉ።

የደንገጎ መንገደኛ
ከሐረር የሚነሡ ከሆነ የመኪናውን መንገድም አይርሱት። እስከ ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው የደራበት ሰዓት ከሆነ መኪና እንደ ልብ አያልፍም፤ ከደንገጎ ወደ ታች ያለውን ጠመዝማዛም ማንም አይሮጥበትም። ሁለት ሰዓት ቢይዙለት ይሻላል። ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ አሁኑኑ ያስመዝግቡላቸው፤ ቦሌ ላይ ከአገር ውስጥ በረራ ወደ ውጭ በረራ የሚደረገው ሽግግር ለታመመ ጉልበት ቀላል አይደለም።