ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳላስ በመኪና፦ የት እንደር?

ወገኖቼ፣ እስቲ መላ በሉኝ። ለእህቴ ሠርግ ከሜሪላንድ ቴክሳስ፣ ዳላስ በመኪና ልንሄድ ነው። 1,300 ማይል ገደማ ነው፤ ያለ ዕረፍት 20 ሰዓት። ልጆችና እንግሊዝኛ የማትችል እናቴ አብረውን አሉ።

መንገዱ በአይ 81 አውራ ጎዳና ወርዶ ቴነሲን በአይ 40 ያቋርጣል፤ ከሊትል ሮክ በአይ 30 ነው። የቸገረኝ ማደሪያው ነው። ኖክስቪል እንደር ወይስ እስከ ናሽቪል እንግፋ? ጥቁር ቤተሰብ ከመሸ በኋላ በማያውቀው ገጠር ነዳጅ ፍለጋ ባይዞር ይሻላል ይሉናል። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ባለቤቴ ፖሊስ ቢያስቆመው እጁን ወደ መኪናው መሳቢያ ሰዶ መሣሪያ ሊያወጣ ነው እንዳይባል ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን ከወዲሁ ፀሐይ መከለያው ላይ ሰክቷል። እናቴ ይሄን ሁሉ አታውቅም፤ የሷ ጭንቀት የድፎ ዳቦው ነው።

ከሜምፊስ ወዲያ በማታ የነዳችሁ አላችሁ? ነዳጅ የት ሞላችሁ?